በሹክሹክታ የሚመጣ እንቅልፍ

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ነበር። እንደ ልማዴ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፍቶ ጣራ ጣራውን ሳይ፣ ከልጅ ልጄ ክፍል ሹክሹክታ ሰማሁ። ክፍላችንን የለየው ቺፑድ ነውና ድምፅ አያግድም። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። የሴት ድምፅ ነው፤ ዝግ ብሎ፣ እየተቆራረጠ ይመጣል። በመሃል እንደ መፋቅ ያለ ነገር ይሰማል። ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ፣ 60ን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ በቀላሉ አልደነግጥም። የዚያን ሌሊት ግን ደነገጥኩ። መጀመሪያ ልጅቷ ታማ የምትቃዥ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ሰው አስገብታ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። አማትቤ ተነሣሁ።

በሩን ገፋ ሳደርገው ልጅቷን ጥሩ እንቅልፍ ወስዷታል። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ከስልኩ ተነቅሎ ትራሷ ላይ ወድቋል። ስልኩ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ ማይክሮፎኑን በጸጉር ብሩሽ ትቦርሻለች፤ እየቦረሸች በእንግሊዝኛ ታንሾካሽካለች። ሌላ ምንም የለም።

ጠዋት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ኤኤስኤምአር ነው እማማ። እንቅልፍ ያመጣልኛል።»

«እንቅልፍ የሚያመጣው ስልክ መዝጋት ነው» አልኩና ስልኩን ማታ ማታ ከለከልኳት።

በአራተኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ፣ ቁርሷን ሳትነካ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ አየኋት። ያን ጊዜ ራሴን ታዘብኩ። በሥራ ዘመኔ አንድ በሽተኛ ትራሱ ሥር መድኃኒት ደብቆ ባገኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ሲያምህ ነው የምትወስደው?» ብዬ ነበር። ለገዛ የልጅ ልጄ ግን ይህን ጥያቄ ነፈግኳት።

ስሙ ረጅም፣ ነገሩ አጭር

ልጅቷ ትምህርት ቤት በዋለችበት መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ኤኤስኤምአር «አውቶኖመስ ሴንሰሪ ሜሪዲያን ሪስፖንስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም አጭር መጠሪያ ነው። ሲሰሙት የሐኪም ቤት ቃል ይመስላል፤ ሐኪም ግን አላወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ስሙን ያወጣችው ጄኒፈር አለን የምትባል አሜሪካዊት ናት።

ስሜቱ ግን ከስሙ በፊትም ነበረ። አንዳንድ ሰው ለስለስ ያለ ድምፅ ሲሰማ፣ ወይም ሌላ ሰው ቀስ ብሎ በጥንቃቄ ሲንከባከበው፣ ከአናቱ ተነሥቶ ወደ ማጅራቱና ወደ ጀርባው የሚወርድ ደስ የሚል ውርር የማለት ስሜት ይሰማዋል። ከዚያ ሰውነቱ ይላላል፤ ሐሳቡም ይረጋል። ሹክሹክታ፣ የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ ዕቃን በጥፍር ቀስ አድርጎ መንካት፣ ጸጉር መበጠር፣ ፎጣ ማጠፍ ስሜቱን ከሚቀሰቅሱት መካከል ናቸው። ቪዲዮዎቹም ሆን ተብሎ ለዚህ የሚሠሩ ናቸው።

ምርምሩ ገና ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዌልስ የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ስሜቱን የሚያውቁ 475 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከመካከላቸው 98 በመቶዎቹ ለማረፍ፣ 82 በመቶዎቹ ለእንቅልፍ፣ 70 በመቶዎቹ ደግሞ ጭንቀትን ለመቋቋም እንደሚጠቀሙበት ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሜቱ በሚሰማቸው ሰዎች ላይ የልብ ምት ለኩ። ቪዲዮውን ሲያዩ ምታቸው በደቂቃ በ3 ያህል ቀንሶ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ስሜቱን የሚያውቁትን ብቻ ሰብስቦ መጠየቅ፣ ቡና ወዳጆችን ሰብስቦ «ቡና ይጥማል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ስሜቱ የማይሰማው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይበሳጫል፤ ሰው ሲያኝክ ወይም ሲተነፍስ ሲሰማ ደሙ የሚፈላ ሰው አለ፤ ይህ ሚሶፎኒያ ይባላል። ስለዚህ ኤኤስኤምአር መድኃኒት አይደለም። ለሚስማማው ሰው ግን ማረፊያ ነው።

በየቤታችን የነበረ

ንባቤን ስጨርስ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» አልኩ። ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ከጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራኝ ነበር። ሚዶው አናቴ ላይ መስመር ሲያወጣ፣ ጣቶቿ ጸጉሬን ሲለያዩ፣ ትንፋሿ ማጅራቴን ሲነካው ውርር ይለኛል። ሹሩባው ሳያልቅ አንገቴ ጉልበቷ ላይ ዘንበል ይላል፤ «ቀና በይ እንጂ!» እያለች ትመልሰኛለች።

ሌላም አለ። ቡና ሲቆላ የሚንጣጣው፣ ሙቀጫው፣ ከሰል ላይ የተጣደው ጀበና ሲንተከተክ፤ አያቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቷ የምታሰማው ዝምዝምታ፤ በክረምት ሌሊት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ማንም ስም አላወጣለትም፤ ሁላችንም ግን ተኝተንበታል።

በሙያችንም አለ። ነርስ ተማሪ ሳለሁ ከፍሎረንስ ናይቲንጌል የተማርነውን አልረሳም። ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለጫጫታ ሰጥታለች። ከጫጫታው ሁሉ አጥብቃ የነቀፈችው ግን በሽተኛው በሚሰማበት ቦታ ስለ እርሱ መንሾካሾክን ነው። በሽተኛው ቃሉን አይለይም፤ ስለ እርሱ እንደሚወራ ግን ያውቃል። ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል፤ እንቅልፍም ዕረፍትም ያጣል።

እኔም በሌሊት ተራዬ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በሽተኛው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ «አይዞህ፣ አሁን ሙቀትህን ልለካ ነው» ብላችሁ ዝግ ባለ ድምፅ ስትነግሩት ትንፋሹ ይረጋል። ያው ዝግ ያለ ድምፅ ከበሩ ጀርባ ስለ እርሱ ሲያወራ ከሰማ ግን ዓይኑ እስኪነጋ አይከደንም። ለሰው ማንሾካሾክና ስለ ሰው ማንሾካሾክ ለየቅል ናቸው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ቀጥሎ የምነግራችሁን ጥፋት የሠራሁት።

ከሹክሹክታው በታች

በማግሥቱ ቅዳሜ ስለነበር ሚዶና ቅባት ይዤ «ነይ ሹሩባ ልሥራሽ» አልኳት። ልጅ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ይዘጋል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ ግን አንደበቱ ይፈታል። ሁለት መስመር እንደሠራሁ «ያቺን የምታንሾካሽክ ሴት ከመቼ ጀምሮ ነው የምታዳምጫት?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «ማታ ማታ ከእማዬ ጋር ስለ እኔ ስታወሩ ይሰማኛል» አለች። «እሱን ላለመስማት ነው የጀመርኩት።»

እጄ ጸጉሯ ላይ ቀረ።

እናቷ፣ ልጄ፣ ዱባይ ነው የምትሠራው። ሥራዋን ጨርሳ የምትደውለው ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ልጅቷ ተኝታለች ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወራለሁ። ጆሮዬ ስለደከመ ግን ስልኩን ከፍ አድርጌ ነው የማዳምጠው። የልጅ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ከሰማን ወዲህ፣ ይህ ፈተና በየቤቱ የሚያስፈራ ስም ሆኗል። እኔና እናቷ የምናወራው እሱኑ ነው፤ ካላለፈችስ? የግል ኮሌጅ ክፍያ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ደግሞ እናቷ ደክሟት «እሷ ካላለፈች እኔ 6 ዓመት ሙሉ እዚህ የለፋሁት ለምንድን ነው?» ብላ አለቀሰች። ልጅቷ ቃል በቃል ሰምታዋለች።

የዚያች ፈረንጅ ሹክሹክታ የእኛን ሹክሹክታ መሸፈኛ ነበር። እኔ ደግሞ መሸፈኛውን ነጠቅኳት፤ የሚያስጨንቃትን ግን እንዳለ ተውኩት።

ሰበብ አልደረደርኩም። «ልክ ነሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ለእናቷም በዚያው ቀን ነገርኳት። አሁን ስለ ፈተናው የምናወራው እሑድ ከሰዓት፣ እናቷ ዕረፍት ስትሆን፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ለሦስት ነው። ማታ የሚደወለው ደህና እደሩ ለመባባል ብቻ ሆኗል። ስልኳንም መለስኩላት።

እኔስ?

እኔም እንቅልፍ የለኝም ብያችኋለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሌሊቱ ረዘመብኝ። እውነቱን ለመናገር አንዲት ጎረቤት «ሲስተር፣ ይቺን ሞክሪያት» ብላ የሰጠችኝን ዲያዜፓም ለጥቂት ሌሊት ወስጃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው የምቆጣውን ማለት ነው። አንድ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ስሄድ እግሬ ከድቶኝ ግድግዳ ይዤ ተረፍኩ። የዚህ ዓይነት ኪኒን በእኛ ዕድሜ ለመውደቅ፣ ለመርሳትና ለሱስ ይዳርጋል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩ ካላችሁ በአንድ ጊዜ አትተዉት፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችሁ።

የልጅ ልጄ የራሷን መድኃኒት አካፈለችኝ። ሹክሹክታው ለእኔ አልሆነም፤ የከንፈሯ ድምፅ አናደደኝ። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ፈልጋ አወጣችልኝ። ውርር አላለኝም፤ ግን ሐሳቤ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለሉን ተወ። በጆሮው ውስጥ ጭው የሚልበት ሰውም እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ ሊያግዘው ይችላል።

ድምፁ ብቻውን ግን አላዳነኝም። ሦስተኛውን ቡና አቆምኩ፤ ከቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በሰውነታችን ውስጥ ነው። ቀን የምተኛውን ወደ ግማሽ ሰዓት አወረድኩ። ጠዋት ፀሐይ ላይ መራመድ ጀመርኩ። አሁን ከሳምንቱ አብዛኛውን ሌሊት እተኛለሁ።

ለወላጆችና ለአያቶች

ልጃችሁ ወይም እናንተ የምትጠቀሙበት ከሆነ የሚከተሉትን አስቡ።

ድምፁ ዝቅ ይበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ 80 ዴሲቤል፣ ለልጅ 75 ዴሲቤል ይላል። መለኪያ የለንም ካላችሁ፣ ከስልኩ ድምፅ ግማሽ አትለፉ። አጠገባቸው ያለ ሰው ከማዳመጫው የሚወጣውን ከሰማ በዝቷል። ከሁሉ የሚሻለው ማዳመጫውን ትቶ ስልኩን ራቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መክፈት ነው። የማዳመጫ ገመድ በአንገት ዙሪያ ይዞ መተኛትም ጥሩ አይደለም።

ይሰማ እንጂ አይታይ። የስልክ ብርሃን ራሱ እንቅልፍ ያባርራል፤ አንዱን ቪዲዮ ሲጨርሱ ሌላው ይጎትታል። ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንዲዘጋ ሰዓት ሙሉለት። ቀድሞ የተጫነ ድምፅ ካለ ዳታም አይበላም፤ በመሃል የሚጮህ ማስታወቂያም አይገባም።

ስልክ ትራስ ሥር ቻርጅ አይደረግም። ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ከመፍቀዳችሁ በፊት አብራችሁ እዩ። አብዛኛው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ስም ለልጅ የማይሆን ነገርም ይቀርባል። ልጁ ከወደደው ሁለት ሦስቱን መርጣችሁ እነሱ ላይ ይቆይ።

ለሕፃናት የራሳችሁ ድምፅ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እሹሩሩ ማለት፣ ጀርባ መዳበስ፣ ተረት ቀስ ብሎ ማውራት ዳታ አይፈልግም።

ከሁሉ በላይ ጠይቁ። «ለምን ታዳምጣለህ?» የሚለውን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ጥያቄ ጠይቁ። አንዳንዱ ስለሚጥመው ነው፤ ደስ ይበለው። አንዳንዱ ግን የሚሸሸው ነገር አለ፤ የቤት ጭቅጭቅ፣ ትምህርት ቤት የሚያስፈራራው ልጅ፣ የሞተ ሰው ናፍቆት። ድምፁ ሌሊቱን ያሳልፈው ይሆናል፤ ቀን ሲነጋ ግን ነገሩ እዚያው ነው።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ማጣት 3 ወር ከዘለቀ፣ ይህ በስልክ ድምፅ የሚታለፍ አይደለም። ኪኒን ከመጀመር በፊት የእንቅልፍን ልማድና ሐሳብን የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ይቀድማል። ሲተኛ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቀጥ የሚል፣ ቀን ሲውል የሚያንቀላፋ ሰው ካላችሁ ይመርመር። ሐዘን ወይም ድብርት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምግብና ጨዋታ ካስጠላ፣ ልጁ ከጓደኞቹ ከራቀ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከወጣው ደግሞ ማባበል ብቻ አይበቃም፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ሐኪም ፊት አድርሱት። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል የሚደነግጥ ሰው አሁንም ብዙ ነው። የአእምሮ ሕመም እንደ ስኳርና እንደ ግፊት የሚታከም ሕመም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጠበልም ጸሎትም የሚከለክል የለም፤ ሕክምናውም አብሮ ይሂድ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ሹሩባ ልሠራት ተቀመጥን። ስልኳ ሌላ ክፍል ነበር። ውጪ ካፊያ ይዟል፤ ጀበናው ከሰሉ ላይ ነው። ግማሹን እንደሠራሁ አንገቷ ጉልበቴ ላይ ዘንበል አለ።

«ቀና በይ እንጂ!» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ፈተናው ገና ነው፤ ውጤቱን አናውቅም። ሚዶውን አስቀምጬ እስክትነቃ ጠበቅኋት።